የፈላ ውሃ ያላቀለጠው ቅይጥ፦ ከደብረ ማርቆስ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ሙከራው ሲነገር ቀላል ነው። ቢስሙት፣ እርሳስና ቆርቆሮ አብረው ይቀልጣሉ። ቅይጡ በቀጭን ዘንግ መልክ ይፈስሳል። ዘንጉ ሲረጋ የፈላ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ያን ጊዜ እንደ ጧፍ እየቀለጠ ጠብ ጠብ ይላል። ብረት በሻይ ውሃ ሲቀልጥ ያየ ተማሪ ያን ቀን አይረሳውም።

እኛ ዘንድ ግን አልቀለጠም። ቦታው ደብረ ማርቆስ፣ ወሩ የካቲት ነበር። ተማሪዎቹ ጠረጴዛውን ከበዋል። ውሃው ይንተከተካል። ዘንጉ እንደገባ ቀረ። በሌላ ቀን በሌላ ቅይጥ ሞከርን። አሁንም ምንም የለም። መልሱን ለማግኘት አራት ቀን ፈጀብን። መልሱ ሲገኝ ደግሞ ከመጀመሪያው ዓይናችን ሥር የነበረ ነገር ሆነ።

ጉዳዩን ከነዝርዝሩ የምጽፈው በምክንያት ነው። የሦስት ብረቶች ፌዝ ዲያግራም፣ ማለትም የትኛው ቅልቅል በስንት ዲግሪ ጠጣር ወይም ፈሳሽ እንደሚሆን የሚያሳየው ሥዕል፣ ብዙ ተማሪ የሚሸሸው ርዕስ ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ሸምድጄው ነው ያለፍሁት። በደንብ የገባኝ በነዚያ አራት ቀናት ነው።

የመጀመሪያው ቅይጥ

ቢስሙቱ የቤተ ሙከራው ነበር። ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ ነው። ብርማ ሆኖ ትንሽ ሮዝ የሚያሳይ፣ በመዶሻ ቢነካ የሚፈረፈር ብረት ነው። እርሳስና ቆርቆሮ ግን ለየብቻ አልነበረንም። ስለዚህ ሞባይል ከሚጠግን ልጅ ሊድ የሚሉትን የብየዳ ሽቦ ገዛን። 60/40 የሚባለው ዓይነት ነው። 60 እጁ ቆርቆሮ፣ 40 እጁ እርሳስ ነው።

ቆርቆሮ ስል የቤት ክዳኑን ማለቴ አይደለም። የቤት ክዳን ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ የብረት ሉህ ነው። እዚህ የምለው በ232 ዲግሪ የሚቀልጠውን ነጭ ለስላሳ ብረት ነው። ስሙ አንድ በመሆኑ ብዙ ተማሪ ይምታታበታል።

ሽቦው መሃሉ ላይ ሙጫ አለበት። ከነሙጫው ከተመዘነ ሚዛኑ ይዋሻል። ስለዚህ አስቀድመን አቅልጠን ሙጫውን ከላይ ገፈፍነው። ከዚያ 50 ግራም ሽቦና 50 ግራም ቢስሙት ቀላቀልን። ግማሹን ቢስሙት ያደረግነው ያለምክንያት አልነበረም። በቀላሉ የሚቀልጡ የታወቁ አሮጌ ቅይጦች ሁሉ ቢስሙታቸው ግማሽ አካባቢ ነው። ነገሩ የቆየ ነው። አይዛክ ኒውተን በ1701 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሙቀት መለኪያ ላይ የእነዚህኑ ሦስት ብረቶች ቅልቅል እንደ ምልክት ተጠቅሞበታል።

ውሃው ፈላ። ዘንጉ ገባ። አምስት ደቂቃ ጠበቅን። ዘንጉ ሞቀ እንጂ አልቀለጠም።

ያን ዕለት ማታ ሒሳቡን ስሠራ ስህተት አገኘሁ። 50 ግራም ሽቦ ውስጥ 30 ግራም ቆርቆሮና 20 ግራም እርሳስ አለ። ስለዚህ ቅይጣችን ቢስሙት 50፣ ቆርቆሮ 30፣ እርሳስ 20 ነው። ከሁሉ በታች የሚቀልጠው ቅይጥ ግን ቢስሙት 52፣ እርሳስ 32፣ ቆርቆሮ 16 ገደማ ነው። እኛ ቆርቆሮውን አብዝተን እርሳሱን አሳንሰናል። ምክንያቱን ያገኘሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ስህተቱ እውነተኛ ስህተት ነበር። ዘንጉ ያልቀለጠው ግን በእሱ አልነበረም። የዚህ ጉዳይ ክፉው ነገር ይኸው ነው። አንድ ጥፋት ሌላውን ሸፍኖት ነበር።

ሁለተኛው ቅይጥ

አሁን ንጹሕ እርሳስ አስፈለገን። አንድ ባልደረባዬ አሮጌ የመኪና ባትሪ ሰብረን እናውጣ አለ። እምቢ አልሁ። አንደኛ፣ አሲዱና የእርሳስ ብናኙ ለጤና መርዝ ነው። ሁለተኛ፣ የባትሪ ሰሌዳ ንጹሕ እርሳስ አይደለም። እንዲጠነክር አንቲሞኒ ወይም ካልሲየም ይጨመርበታል። ያ ከገባ ቅይጣችን የሦስት ሳይሆን የአራት ብረት ይሆናል፤ ዲያግራሙም ሌላ ነው።

በመጨረሻ ከባሕር ዳር የመጣ የዓሣ መረብ ማስጠሚያ እርሳስ አገኘን። ንጽሕናውን ለማየት አቅልጠን ሲረጋ ለካነው። 327 ዲግሪ አካባቢ ቆመ። የንጹሕ እርሳስ የመቅለጫ ነጥብ ነው። በቃን።

ለ100 ግራም ሒሳቡ እንዲህ ነው። 16 ግራም ቆርቆሮ ለማግኘት 26.7 ግራም ሽቦ ይበቃል። ሽቦው 10.7 ግራም እርሳስ ይዞ ይመጣል። የሚቀረውን 21.3 ግራም እርሳስ ከመረቡ እንጨምራለን። ቢስሙቱ 52 ግራም ይሆናል። ሁሉም ሲደመር ልክ 100 ነው።

በዚህ መጠን ሠራነው። ደጋግመን መዘንነው። ውሃው ፈላ፤ ዘንጉ ገባ። ምንም የለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ቀን ተኩል ቢስሙቱን ስንጠረጥር አሳለፍን። አርጅቶ ይሆን? ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ልክ ባይሆንስ? ጥቂት አቅልጠን ለካነው። 271 ላይ ረጋ። ንጹሕ ቢስሙት ነው። ሦስቱም ብረቶች ደህና ናቸው፤ ሚዛኑም ደህና ነው።

ግራ ገብቶኝ ክፍል ውስጥ ነገሩን እንዳለ ለተማሪዎቹ አስረዳሁ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ውሃው ራሱ ስንት ዲግሪ ነው?»

«ፈልቶ የለ? 100 ነዋ» አልኋት።

«እኛ አገር ድንች ቶሎ አይበስልም። እናቴ ማርቆስ እህቴ ቤት ስትመጣ እዚህ ቶሎ በሰለ ትላለች።»

ልጅቷ የጮቄ ተራራ አፋፍ ላይ ካለ ቀበሌ የመጣች ናት። ንግግሯን ሳትጨርስ ገባኝ። የሙቀት መለኪያውን ከቅይጡ አውጥቼ የፈላው ውሃ ውስጥ ከተትሁት። 92 አለ። ውሃው ይንተከተካል፤ ቁጥሩ ግን ከ92 ንቅንቅ አይልም።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,450 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ሳስቷል፤ ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ግፊት ሲቀንስ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ባሕር ዳር ላይ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ውሃ በ94 ዲግሪ ይፈላል። የጮቄ አናት 4,100 ሜትር አካባቢ ስለሆነ እዚያ 86 ይሆናል። ከደጀን ቁልቁል ወርደን ዓባይ በረሃ ውስጥ፣ 1,000 ሜትር አካባቢ ብንደርስ፣ 96 አልፎ ወደ 97 ይጠጋል።

ቅይጡ የሚቀልጠው በ96 ገደማ ነው። ከደጀን አፋፍ እስከ ባሕር ዳር ድረስ፣ ደጋውን ይዘን የትም ብንሄድ፣ ይህን ዘንግ በፈላ ንጹሕ ውሃ ማቅለጥ አይቻልም። መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር አጠገብ ለሚኖር ሰው ነው።

ሦስት ጉልቻ፣ ሦስት ተራራ

እዚህ ላይ ዲያግራሙን ዘርግተን ማየት ያስፈልጋል። ከመጀመሪያው ዘርግተነው ቢሆን ኖሮ ሁለተኛውን ቅይጥ መሥራት አያስፈልገንም ነበርና።

መሬት ላይ ሦስት ጉልቻ እንዳለ አስቡ። አንዱ ቢስሙት፣ አንዱ እርሳስ፣ አንዱ ቆርቆሮ ነው። ጉልቻው ላይ የቆመ ሰው በእጁ ንጹሕ ብረት ይዟል። በሁለት ጉልቻ መካከል፣ በቀጥታው መስመር ላይ የቆመ ሰው የሁለቱን ቅይጥ ይዟል። ወደ መሃል የገባ ግን ሦስቱንም ይዟል። ወደ አንዱ ጉልቻ በተጠጋ ቁጥር የዚያ ብረት ድርሻ ይበዛል። በቃ፣ ሦስት ማዕዘኑ ይኸው ነው። እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ቅይጥ ነው።

አሁን ሙቀትን በከፍታ እናሳይ። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ፣ ያ ቅይጥ ሲቀዘቅዝ መርጋት የሚጀምርበትን ዲግሪ ያህል መሬቱን ከፍ እናድርገው። ሦስት ተራራ ይበቅላል። የእርሳሱ ጫፍ 327፣ የቢስሙቱ 271፣ የቆርቆሮው 232 ነው። ይህን ወጣ ገባ መሬት ባለሙያዎች ሊኩይደስ ይሉታል።

በየሁለቱ ተራራ መካከል ሸለቆ አለ። ሸለቆዎቹ ከጠርዙ ጀምረው ወደ ውስጥ ይወርዳሉ። የእርሳስና የቆርቆሮ ሸለቆ በ183 ይጀምራል። የቢስሙትና የቆርቆሮው በ138፣ የቢስሙትና የእርሳሱ በ125 ይጀምራሉ። ሦስቱም ቁልቁል ሄደው አንድ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ያ ቦታ ዩቴክቲክ ነጥብ ይባላል። ከፍታው 96 ገደማ ነው። ከመሬቱ ሁሉ ዝቅ ያለው እሱ ነው።

የጎጃም ሰው ይህን መሬት ያውቀዋል። ጮቄ ላይ የጣለ ዝናብ መጀመሪያ ተዳፋቱን ይወርዳል። ከዚያ ጨሞጋን ወይም ሙጋን ያገኝና ወንዙን ተከትሎ ይሄዳል። መጨረሻው ዓባይ ነው። የቀለጠ ቅይጥም ሲቀዘቅዝ ልክ እንደዚያ ነው። ተዳፋቱ ላይ ሳለ አንድ ዓይነት ጠጣር ብቻ ይረጋል። ሸለቆው ውስጥ ሲገባ ሁለት ዓይነት አብረው ይረጋሉ። ጎድጓዳው ላይ ሲደርስ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይረጋሉ፤ ፈሳሹም ያልቃል።

አንድ ማስተካከያ ልጨምር። በእርሳሱ በኩል የሚረጋው ንጹሕ እርሳስ አይደለም፤ ቢስሙት የገባበት ሌላ ጠጣር ነው። በዚያ በኩል መሬቱ አንድ ተጨማሪ እጥፋት አለው። ለኛ ጉዳይ ግን ለውጥ አያመጣም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ይህን መሬት በተወሰነ ከፍታ አግድም ብንቆርጠው ምን እናያለን? ሐይቅ እንደሞላበት አስቡ። ሐይቁ የሸፈነው ቦታ ሁሉ ሙሉ በሙሉ የቀለጠ ቅይጥ ነው። በ300 ዲግሪ ከውሃው በላይ የሚታየው የእርሳሱ ጫፍ ብቻ ነው። በ200 ሦስቱም ተራሮች ብቅ ብለዋል። በ150 ሐይቁ በእርሳስና በቆርቆሮ በኩል ከጠርዙ ሸሽቷል። በ110 በመሃል ትንሽ ኩሬ ብቻ ቀርታለች። በ96 ኩሬዋ ነጥብ ታክላለች። ከኩሬዋ ውጭ ያለው ቅይጥ ግን ሁሉም ደረቅ አይደለም። ከ96 በላይ እስከሆነ ድረስ አብዛኛው ከፊሉ ጠጣር፣ ከፊሉ ፈሳሽ ነው።

በ92 ግን ጠብታም የለም። በየትኛውም ነጥብ ላይ፣ የትኛውም ቅይጥ፣ ሙሉ በሙሉ ጠጣር ነው።

የኛ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሦስት ማዕዘኑ ላይ ወዲያና ወዲህ እያልን ትክክለኛውን ነጥብ ስንፈልግ ነበር። ትክክለኛ ነጥብ አልነበረም። የቆምንበት ወለል ከጎድጓዳው በታች ነበር። ሺህ ጊዜ ብንመዝን፣ ቢስሙቱን ከየትም ብናስመጣ፣ በነዚህ ሦስት ብረቶች ብቻ በ92 ዲግሪ የሚቀልጥ ቅይጥ የለም።

በሕጉ ውስጥ የተረሳው ግፊት

የፌዝ ሕግ የጊብስ ነው። በአሜሪካዊው ጆሳያ ዊላርድ ጊብስ፣ በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. የተጻፈ ነው። ፌዝ ማለት አንድ ወጥ የሆነ ጠጣር፣ ፈሳሽ ወይም እንፋሎት ነው። የነጻነት ቁጥሩ፣ ማለትም ፌዞቹ ሳይጠፉ እንደልብ ሊቀየሩ የሚችሉ ነገሮች ብዛት፣ ከንጥረ ነገሮቹ ብዛት ላይ የፌዞቹ ብዛት ተቀንሶ 2 ሲደመርበት ይገኛል። ሁለቱ የሚደመሩት አንዱ ለሙቀት፣ አንዱ ለግፊት ነው።

የብረት ተማሪዎች ግን 2 አንደምርም፤ 1 እንደምራለን። «ግፊቱ ቋሚ ነው» እንላለን። በዚህ መሠረት ዩቴክቲክ ላይ ሦስት ብረት፣ አራት ፌዝ አለ፦ ሦስት ጠጣርና አንድ ፈሳሽ። ሦስት ሲቀነስ አራት፣ ሲደመር አንድ፣ ዜሮ ይመጣል። ነጻነት የለም። ስለዚህ ሙቀቱ ፈሳሹ እስኪያልቅ አንድ ቦታ ይቆማል። ሸለቆው ውስጥ ነጻነቱ አንድ ነው። ተዳፋቱ ላይ ሁለት ነው።

ለብረቱ ይህ ልክ ነው። ማርቆስ ላይ የግፊቱ መቀነስ የቅይጡን መቅለጫ በዲግሪ መቶኛ እንኳ አያንቀሳቅሰውም። ውሃው ግን ሌላ ነው። አንድ ንጥረ ነገር፣ ሁለት ፌዝ፦ ፈሳሽና እንፋሎት። አንድ ሲቀነስ ሁለት፣ ሲደመር ሁለት፣ አንድ ይመጣል። ያቺ አንዷ ነጻነት ግፊት ናት። ግፊቱን ከፍታችን መረጠልን፤ የመፍላት ሙቀቱም ተከትሎ ወረደ። አንድ ቢከር ውስጥ ሁለት ፌዝ ዲያግራም ነበር። አንዱ ግፊትን አይሰማም፤ ሌላው ይሰማል። እኛ የምናየው የብረቱን ብቻ ነበር።

ይህን ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ልጅቷን ወደ ፊት ጠርቼ ጠመኔውን ሰጠኋት። የመጨረሻዋን መስመር እሷ ናት የጻፈችው።

ጨው

መፍትሔው ቀላል ነበር። ጨው የገባበት ውሃ ከንጹሕ ውሃ በላይ ሞቆ ነው የሚፈላ። ለ1 ሊትር ውሃ 350 ግራም የገበታ ጨው ጨመርን። መለኪያው 99 ደረሰ። ሁለተኛውን ዘንግ ነከርነው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጫፉ አበጠ፤ ከዚያ ጠብ አለ። ቢከሩ ሥር ብርማ እንክብል ተጠራቀመ። ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ።

ከዚያ በፊት አንድ ባልደረባዬ ሌላ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ካድሚየም እንጨምርና መቅለጫው 70 ይውረድ አለ። ያ ቅይጥ አለ፤ ዉድስ ሜታል ይባላል። ካድሚየም ግን ተማሪ ፊት የሚቀልጥ ነገር አይደለም። ጭሱ ሳንባ ይጎዳል። እርሳሱም ቢሆን ዝም ብሎ የሚታይ አይደለም። መስኮት ከፍተን፣ ጓንት አድርገን ነው የሠራነው። ቢከሩንም ማሰሮውንም ከዚያ ወዲያ ለሌላ ሥራ አላዋልነውም።

ሰው ሁሉ በሁለተኛው ዘንግ ሲደሰት እኔ ያጓጓኝ የመጀመሪያው ነበር። ያን የተሳሳተውን ዘንግ፣ ቢስሙት 50፣ ቆርቆሮ 30፣ እርሳስ 20 የሆነውን፣ እዚያው ጨዋማ ውሃ ውስጥ ነከርነው። አልፈሰሰም። ግን ጠጣርም ሆኖ አልቀረም። በእንጨት ስንነካው እንደ ገንፎ ተለወሰ።

ሦስት ማዕዘኑ ይህን በቁጥር ይነግረናል። 100 ግራም አለን እንበል። ሲቀዘቅዝ እርሳሱ ሁሉ የሚቀረው በመጨረሻው ፈሳሽ ውስጥ ነው። ያ ፈሳሽ 32 እጁ እርሳስ ነው። ያለን እርሳስ 20 ግራም ስለሆነ 20 ለ32 ሲካፈል 0.625 ይሆናል። ስለዚህ 96 ላይ ሲደርስ 62.5 ግራም ገና ፈሳሽ ነው። ይህ ፈሳሽ 10 ግራም ቆርቆሮና 32.5 ግራም ቢስሙት ይዟል። የቀረው 20 ግራም ቆርቆሮና 17.5 ግራም ቢስሙት ቀድሞ ረግቷል። ጠጣሮቹ ውስጥ ትንሽ ትንሽ የሚሟሟውን ትተን ነው ያሰላነው፤ ለገንፎው ግን ይበቃል።

መንገዱንም መከተል ይቻላል። ነጥባችን ከቢስሙትና ከቆርቆሮ ሸለቆ ትንሽ ወደ ቆርቆሮው ተራራ ወጣ ብሎ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ቀድሞ የሚረጋው ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ሲረጋ ፈሳሹ ከቆርቆሮው ጉልቻ በቀጥታ እየራቀ ይሄዳል። ሸለቆውን ቀጥ ያለ መስመር አድርገን ብንወስደው፣ እስከዚያ ድረስ የሚረጋው 7 ግራም ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ሸለቆውን ይዞ ቆርቆሮና ቢስሙት አብረው ይረጋሉ፤ ይህ 30 ግራም ያህል ነው። የቀረው በጎድጓዳው ላይ ይረጋል።

እዚህ ላይ ባልደረባዬ የሠራትን አንዲት ስህተት ላንሳ፤ ብዙ ሰው የሚሠራት ናትና። ከሽቦው ነጥብ ወደ ቢስሙቱ ጉልቻ መስመር አሰመረና መሬቱን በዚያ መስመር በቁም ቆረጠው። የሚወጣው ሥዕል የሁለት ብረት ዲያግራም ይመስላል። እሱም በለመደው የሚዛን ሕግ፣ የመስመር ርዝመት እያነጻጸረ፣ የፈሳሹን መጠን ሊያሰላ ሞከረ። አይሆንም። ፈሳሹ ከቆርቆሮው ጉልቻ ሲሸሽ ከተቆረጠው ገጽ ወጥቶ ይሄዳል። በቁም የተቆረጠ ሥዕል በስንት ዲግሪ ምን እንደሚጀምር ያሳያል። ስንት እንደሆነና ምን እንደያዘ ግን አይናገርም። ለዚያ አግድም መቁረጥ ግድ ነው።

ሲረጋ መቁጠር

በአራተኛው ቀን ሁለቱንም ቅይጥ ሃምሳ ሃምሳ ግራም ወስደን አቀለጥናቸው። መለኪያውን አስገብተን በየ15 ሴኮንዱ አነበብን። አንድ ተማሪ ያነባል፤ ሌላው ይጽፋል።

ሁለተኛው ቅይጥ ያለ ማቋረጥ ወረደ። 96ን አልፎ 93 ደረሰ፤ ከዚያ ተመልሶ 95 ላይ ወጣ። ክሪስታሉ ለመጀመር ዘግይቶ ነው፤ ሲጀምር የታመቀውን ሙቀት ለቀቀ። ከዚያ ስድስት ደቂቃ ያህል እዚያው ቆመ። ነጻነት ዜሮ ማለት ይህ ነው።

የመጀመሪያው ቅይጥ ሌላ ታሪክ ነበረው። ቆርቆሮው ለብቻው መርጋት የጀመረበትን ቦታ ወረቀቱ ላይ መለየት አልቻልንም። 7 እጅ ብቻ ስለሆነ መታጠፉ ደካማ ነው። ከዚያ ቁልቁለቱ ትንሽ ቀዘዘ፤ ይህ ሸለቆው ነው። መጨረሻ ላይ እዚያው 95 ላይ ቆመ። የቆመው ግን ለአጭር ጊዜ ነው፤ አራት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ለቀቀ። የስድስት ደቂቃ 0.625ቱ 3 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ነው። ጀርመናዊው ጉስታፍ ታማን ይህንኑ ዘዴ በሰፊው ተጠቅሞበታል፤ የመቆሚያውን ርዝመት ለክቶ የዩቴክቲኩን መጠን ማወቅ። ቅይጡ በተሳሳተ መጠን ባይሠራ ኖሮ ይህን ለማየት ዕድል ባላገኘን ነበር።

አንዷ የመስታወት ቱቦ ግን ተሰነጠቀች። ቢስሙት እንደ በረዶ ነው፤ ሲረጋ ከመቶ 3 እጅ ያህል ይሰፋል። ቢስሙት የበዛበት ቅይጥም እንደ ሌላው ብረት አይኮማተርም፤ ዕቃውን ይገፋል። አሁን በብረት ኩባያ ነው የምንሠራው።

ወደ ሞባይል ጠጋኙ

ሽቦውን ወደ ሸጠልን ልጅ ተመልሼ ሄድሁ። ጠረጴዛው ላይ ሌላ ዕቃ አየሁ። 138 የሚል የተጻፈበት የብየዳ ቅባት ነው። ለስስ ዕቃ ይወዱታል፤ ሙቀት አያበዛም። ውስጡ ቢስሙት 58፣ ቆርቆሮ 42 ነው። ቁጥሩ የቢስሙትና የቆርቆሮ ሸለቆ መግቢያ ነው።

«ይህን አሮጌ ብየዳ ላይ ትደርብበታለህ?» አልሁት።

«አዎ ጋሼ፣ ሁልጊዜ።»

አሮጌው ብየዳ እርሳስ ካለበት ሦስተኛው ጉልቻ ገባ ማለት ነው። በመገናኛው ላይ በ96 ዲግሪ የሚቀልጥ ስስ ሽፋን ሊፈጠር ይችላል። ልጁ 138 ዲግሪ ድረስ ይችላል ብሎ ያመነበት ብየዳ ቀድሞ ይላላል። ከሞተር ወይም ከኃይል ማከፋፈያ አጠገብ ያለ ሰሌዳ ላይ ይህ ሙቀት ሩቅ አይደለም። ደጋግሞ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝም ይሰነጠቃል። ይህ በኢንዱስትሪው የታወቀ ችግር ነው። እርሳስ የሌለው ብየዳ ሲመጣ ቢስሙት ያለበትን ከአሮጌ እርሳስ ጋር ማደባለቅ የተፈራው በዚህ ነው።

ልጁ እየሰማ ጠረጴዛውን አየ። «ታዲያ ምን ላድርግ?» አለኝ። አሮጌውን ብየዳ መምጠጫ ሽቦ አድርገህ ሙልጭ አድርገህ አንሣው፤ ከዚያ አዲሱን አድርግ አልሁት። ሁለቱን ዘንጎችም አሳየሁት። ተሰብረው የተቀመጡ ናቸው። የመጀመሪያው ስብራቱ ሻካራ ነው፤ የሚያብለጨልጩ ጥራጥሬዎች በዓይን ይታያሉ። ሁለተኛው ደግሞ ድፍን ግራጫ ነው፤ ሦስቱ ጠጣሮች በአንድ ጊዜ ስለረጉ እጅግ ደቅቀው ተደባልቀዋል። ልጁ የመጀመሪያውን ብርሃን ላይ እያገላበጠ ብዙ ቆየ።

ከቤተ ሙከራው መመሪያ ላይ የቀየርነው አንድ መስመር ብቻ ነው። «ዘንጉን የፈላ ውሃ ውስጥ ክተት» የሚለው አልተሰረዘም። ከሥሩ በእጅ ጽሑፍ፣ በዚያች ልጅ ጽሑፍ፣ እንዲህ ተጨምሯል፦ «ማርቆስ ላይ ውሃ በ92 ይፈላል። ለ1 ሊትር 350 ግራም ጨው። አስቀድመህ ውሃውን ለካ።»